ለእናታችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ካናዳ ገብታችሁ ከጎንደር ቤተሰብ የምታስመጡ፣ ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን እዚሁ ልመልስ፦ «አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ስንቀይር ከኤርፖርት ካልወጣን የትራንዚት ቪዛ ለምን ያስፈልገናል?»

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለያዛችሁ ነው። የሸንገን አገሮች (እንደ ጀርመንና ፈረንሳይ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) በጋራ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠይቋቸው 12 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ፍራንክፈርት ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ አውሮፕላን ለመቀየር 90 ዩሮ ማስከፈል ግፍ ነው፤ ግን ሕጉ ይኸው ነው።

ቀኑ ያላለፈ የካናዳ ወይም የአሜሪካ ቪዛ፣ ወይም የካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ካርድ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ብዙ ሰው እዚህች ላይ ሲደርስ ማንበቡን ያቆማል። ነፃ የሆነው ከኤርፖርቱ ዓለም አቀፍ ክልል ሳይወጣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ነው። ትኬቱ ከፍራንክፈርት ፓሪስ፣ ከፓሪስ ሞንትሪያል የሚል ከሆነ ፍራንክፈርት ላይ ኢሚግሬሽን ታልፋላችሁ፤ ያኔ መደበኛው የሸንገን ቪዛ የግድ ነው።

አሁን የምለውን በደንብ አንብቡልኝ። እናቴን ሳስመጣ ጎንደር ያለ አንድ ትኬት ቆራጭ «ርካሽ አገኘሁላችሁ» ብሎ ለየብቻ የተቆረጡ ሁለት ትኬቶች ሸጠልን። አንዱ ከጎንደር በአዲስ አበባ አድርጎ ፍራንክፈርት፣ ሌላው ከፍራንክፈርት ቶሮንቶ በሌላ አየር መንገድ። ስሟም፣ ቀኑም ልክ ነው፤ የካናዳ ቪዛዋም ፓስፖርቷ ላይ አለ። ከጎንደሩ አዘዞ ኤርፖርት በሰላም ተነሥታ ቦሌ ደረሰች። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ ሻንጣውን ከመዘነች በኋላ፣ «እማማ፣ ሻንጣዎ የሚሄደው እስከ ፍራንክፈርት ብቻ ነው። እዚያ ወጥተው ተረክበው እንደገና ማስገባት አለብዎ። የጀርመን ቪዛዎ የታለ?» አለቻት። በርበሬና ሽሮ የታጨቀው ሻንጣ ከሚዛኑ ወረደ። እናቴ ዘመድ ቤት አደረች፣ የሁለተኛው ትኬት ገንዘብ ቀለጠ። ሻጩን ስንይዘው «ቪዛ የእናንተ ጉዳይ ነው» አለን።

በልጅቷ አትፍረዱ። ቪዛ የሌለውን ሰው የጫነ አየር መንገድ ይቀጣል፣ መንገደኛውንም በራሱ ወጪ ይመልሳል። ለምኖ ማለፍ የሚባል ነገር እዚያ የለም።

ስለዚህ ሳትከፍሉ ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት መሆኑን ጠይቁ፤ ትኬቱ እንደተቆረጠም ቁጥሩን አስልኩ። 13 አሃዝ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ለየበረራው መጀመሪያው የተለያየ የትኬት ቁጥር ከሰጧችሁ ጉዞው ለሁለት ተቆርጧል ማለት ነው። «ሻንጣው ከጎንደር ወይም ከቦሌ ቀጥታ ቶሮንቶ ይላካል ወይ?» ብላችሁም ሳትከፍሉ ጠይቁ። መልሱ «እዚያ ሲደርሱ ይጠይቃሉ» ከሆነ ትታችሁ ውጡ። እኔ አማርኛ ብቻ ለምትናገር እናት ብር ጨምሬም ቢሆን ከቦሌ አውሮፕላን ሳይቀየር ቶሮንቶ የሚያደርሰውን ነው የምቆርጠው፤ የተረፈው ቅናሽ ለእሷ መንከራተት ዋጋ አይሆንም።

በአሜሪካ በኩል ርካሽ ነው የሚሏችሁንም አትስሙ። አሜሪካ ውስጥ ኢሚግሬሽን ሳያልፉ አውሮፕላን መቀየር የሚባል የለም፤ የካናዳ ቪዛ ብቻ የያዘ ሰው የአሜሪካም ቪዛ ማውጣት አለበት። እንግሊዝ ደግሞ ከሸንገን የተለየ የራሷ ሕግ ስላላት ለብቻው ይታያል። ዶሃ፣ ዱባይና ኢስታንቡል በአንድ ትኬት ሳይወጡ ለሚያልፍ ቪዛ አይጠይቁም።

ለጥምቀት ለምትቸኩሉ አዲስ ገቢዎች ደግሞ፦ ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈው የኢሚግራንት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው፣ አልቋል። የነዋሪነት ካርዳችሁ በፖስታ ሳይደርስ ከወጣችሁ ስትመለሱ ቦሌ አያሳፍሯችሁም፤ በቪዛ ቢሮ በኩል የመመለሻ ሰነድ እስኪሰጣችሁ ሥራችሁም፣ የቤት ኪራያችሁም እዚህ ይጠብቃችኋል። ካርዱ ካልመጣ የዘንድሮውን ጥምቀት እለፉትና ለከርሞው ቁረጡ። የጎንደር በረራ በጥር ቶሎ ስለሚሞላ፣ ካርዱ እጃችሁ በገባ ሰሞን ያዙት።