አንድ ሳይን፣ ስንት ዘዌ? በትሪጎኖሜትሪ እኩልታ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ የፈተና ወረቀት ባረምሁ ቁጥር የማላጣው አንድ ስህተት አለ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። «ከ0 እስከ 360 ዲግሪ ባለው ክልል ሳይናቸው ½ የሆኑትን ዘዌዎች ሁሉ ፈልጉ» ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪው ካልኩሌተሩን ይነካል፣ 30 የሚል ያነባል፣ 30 ብሎ ይጽፋል፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። የጻፈው ቁጥር ትክክል ነው፤ 150 ዲግሪ ግን ቀርቷል። «ሁሉ» የሚለው ቃል በጥያቄው ውስጥ ተጽፎ እያለ ግማሹን መልስ ይዞ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሲያምን ማየት ከዓመት ዓመት ያሳዝነኛል።

ካልኩሌተር ለአንድ ጥያቄ አንድ ቁጥር ብቻ እንዲመልስ ተደርጎ የተሠራ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ለሳይንና ለታንጀንት ከኔጌቲቭ 90 እስከ 90 ዲግሪ፣ ለኮሳይን ደግሞ ከ0 እስከ 180 ዲግሪ ካለው ክልል አንዱን ዘዌ መርጦ ያሳያል፤ የቀረውን መፈለግ የተማሪው ድርሻ ነው። መፈለጊያው መንገድም ቀላል ነው። ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ሥሉ፤ ሳይን ማለት በክቡ ላይ ያለው ነጥብ በማዕከሉ በኩል ከሚያልፈው አግድም መስመር ያለው ከፍታ ስለሆነ፣ በ½ ከፍታ ላይ ሌላ አግድም መስመር አስምሩ። መስመሩ ክቡን በቀኝ አንድ ጊዜ፣ በግራ አንድ ጊዜ ይቆርጠዋል፤ የቀኙ 30 ዲግሪ ነው፣ የግራው ደግሞ 30 ከ180 ተቀንሶ 150 ይሆናል። ዘዌው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ቦታ እንደተቆረጠ ቁጠሩ።

ይህን በሰሌዳ ላይ አይተው ልባቸው ያልተቀበለውን ተማሪዎች ወደ ግቢ አወጣቸዋለሁ። ጎንደር ላይ ፀሐይ በቀትር በአናታችን የምታልፈው በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ መንገዷ የክቡን ላይኛ ግማሽ ይመስላል፤ ነሐሴ ክረምትም ዕረፍትም ስለሆነ ሚያዝያን እንጠብቃለን። 1 ሜትር የሆነ እንጨት አቁመን ጥላውን ስንለካ፣ ጧት ፀሐይዋ ከምሥራቁ አድማስ 30 ዲግሪ ስትወጣ 1.73 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ ከምሥራቁ አድማስ ሲቆጠር 150 ዲግሪ ስትደርስም ያው 1.73 ሜትር ነው። የፀሐይዋ ከፍታ በሁለቱም ጊዜ አንድ ስለሆነ ጥላው አቅጣጫውን ይለውጣል እንጂ ርዝመቱ አይለወጥም። ሰዓት ይዛችሁ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ግን የሁለቱን ልኬቶች መካከለኛ ጊዜ 6 ሰዓት ላይ አታድርጉት፤ የአገራችን ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ጎንደር ከዚያ 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ፣ የፀሐይዋ ቀትር ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው የመጀመሪያውን ካረሙ ተማሪዎች ነው። «ከ180 ቀንስ» የሚለውን ከያዙ በኋላ ለኮሳይንም ለታንጀንትም ያንኑ ያደርጋሉ። ኮሳይን የአግድም ርቀት በመሆኑ ክቡን የሚቆርጠው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ነው፤ ስለዚህ የ60 ዲግሪ ጥንድ 300 እንጂ 120 አይደለም። ታንጀንት ደግሞ ከፍታው ለአግድም ርቀቱ ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ፣ መስመሩ በማዕከሉ አልፎ ወደ ተቃራኒው ወገን ይዘልቃል፤ ስለዚህ 180 ይደመራል፤ የ45 ጥንድ 225 ነው።

መልሱ ሁልጊዜ ሁለት ነው ብሎ ማመንም ያስታል። በአንድ ዙር ሳይኑ 1 የሆነው 90 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ኮሳይኑ ኔጌቲቭ 1 የሆነውም 180 ብቻ። ሳይኑ 2 የሆነ ዘዌ ፈጽሞ የለም፤ ታንጀንት ግን የትኛውንም ቁጥር ይቀበላል። ክልል ካልተወሰነና መፍትሔ ካለ ደግሞ ብዛቱ መጨረሻ የለውም።

የተጠየቀው የዘዌው እጥፍ ሳይን ½ እንዲሆን ከሆነ እጥፉ ሁለት ዙር ስለሚዞር መልሱ አራት ነው፤ እነሱም 15፣ 75፣ 195 እና 255 ናቸው።

ቀጣዩን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት «2 ሳይን ሀ × ኮሳይን ሀ = ሳይን ሀ» የሚለውን እኩልታ ሰሌዳ ላይ ስፈታ ሁለቱንም ወገን በሳይን ሀ አካፍዬ፣ ኮሳይን ሀ ½ ነው፣ መልሱም 60 እና 300 ነው ብዬ ቾኩን አስቀመጥሁ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሳይኑ ዜሮ ቢሆንስ?» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ 0 እና 180 እኩልታውን ያሟላሉ፣ እኔ ግን በዜሮ ሊሆን በሚችል ነገር አካፍዬ አጥፍቻቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉን ወደ አንድ ወገን አምጥቼ የጋራውን አውጥቼ እፈታለሁ እንጂ አላካፍልም።

የመጨረሻው በጎነ ሦስት ላይ የሚታይ ነው። አንዱ ዘዌ 30 ዲግሪ፣ ከእሱ ፊት ለፊት ያለው ጎን 6 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጎኖች ፊት ለፊታቸው ካሉት ዘዌዎች ሳይን ጋር ስለሚመጣጠኑ ከ10ሩ ጎን ፊት ለፊት ያለው ዘዌ ሳይን 5/6 ይሆናል። ተማሪው 56.4 ዲግሪ ብሎ ያቆማል፤ 123.6 ግን ከ30 ጋር ተደምሮ ከ180 ስለማይበልጥ ሁለተኛ ጎነ ሦስት ይሠራል፤ በኮምፓስ ሥላችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። 6 የነበረው ጎን 12 ቢሆን ኖሮ ካልኩሌተሩ 24.6 ይሰጣል፤ ጥንዱ 155.4 ከ30 ጋር 185.4 ስለሚሆን ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ተጽፎ፣ ተደምሮ፣ ከ180 ጋር ተነጻጽሮ ነው።