ጀልባ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋም ማንበብ፦ የሚወዷቸውን ድረ ገጾች በፊድ እንዴት መከታተል ይቻላል?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ለአስጎብኚም ሆነ ለመንገደኛ ጥሩ የንባብ ሰዓት ነው፤ ሐይቁ መሀል ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግን አንድ ገጽ እስኪከፈት ማፍጠጥ ያሰለቻል። የሚሻለው ጠዋት ዋይፋይ ባለበት ማኪያቶዎን እየጠጡ ጽሑፎቹን ወደ ስልክዎ ማስገባት ነው። አርኤስኤስ የሚባለው ፊድ ለዚህ ይመቻል።

ፊድ አንድ ሳይት በቅርቡ ያወጣቸውን ጽሑፎች ርዕስ፣ ቀን፣ ሊንክና ይዘት የያዘ ትንሽ ፋይል ነው። አሠራሩ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን ፖድካስትም እስከ ዛሬ የሚሰራጨው በዚሁ ነው። ስልክዎ ላይ ያለው አንባቢ አፕ ፋይሉን በየጊዜው እያየ አዲስ ነገር ካገኘ ያመጣል። ሳይቱ ኢሜይልዎንም ስልክ ቁጥርዎንም አይጠይቅም።

አንድሮይድ ላይ «ፊደር» የተባለውን አፕ ከፕሌይ ስቶር ይጫኑ፤ ነጻ ነው፣ አካውንትም አይጠይቅም። ለአይፎን «ኔትኒውስዋየር» አለ። «ፊድሊ» አካውንት ቢያስከፍትም፣ ስልክና ኮምፒውተር እያቀያየሩ ለሚያነቡ ይመቻል። ከዚህ በታች ያለው በፊደር ነው።

የሚፈልጉትን ሳይት በብሮውዘር ይክፈቱና አድራሻውን ኮፒ ያድርጉ። ፊደር ውስጥ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው ፊድ መጨመሪያውን ይምረጡ፣ አድራሻውን ለጥፈው አፑ እንዲፈልገው ያድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ ፊዱን ራሱ ያገኘዋል። ካጣው፣ ሳይቱ ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ ከሆነ ከአድራሻው መጨረሻ ስላሽ ጨምረው «ኤፍ፣ ኢ፣ ኢ፣ ዲ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፉ። ይህን አድራሻ በብሮውዘር ቢከፍቱት ኮድ የመሰለ ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ሊመጣ ይችላል፤ አይደንግጡ፣ ፊዱ ማለት እሱ ነው። አድራሻውን ወስደው አፑ ላይ ይለጥፉ። የዩቲዩብ ቻናልም ፊድ አለው። የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ግን የላቸውም፤ ብዙ የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ የሚለጥፉት እዚያ ብቻ ስለሆነ ለእነሱ ፊድ አያገለግልም።

ዋናው ሥራ ሴቲንግ ላይ ነው። ማመሳሰያውን (አፑ አዲስ ጽሑፍ የሚያመጣበትን ሲንክ) በዋይፋይ ብቻ ያድርጉት፤ ፎቶም በዋይፋይ ብቻ እንዲወርድ ይምረጡ፣ ፓኬጅ የሚበላው ከጽሑፉ ይልቅ ፎቶው ነውና። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ፊድ ማስተካከያ ከፍተው ሙሉ ጽሑፉን እንዲያወርድ ያዙት። አንዳንድ ሳይቶች ፊዳቸው ላይ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ያስቀምጣሉ። ይህን ሳያደርጉ ከወጡ ሐይቁ ላይ ሲደርሱ በእጅዎ የሚቀረው ርዕስና «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚል ሊንክ ብቻ ነው። ሳይታወቅ የሚቀረውም ስህተት ይኸው ነው። ከመሳፈርዎ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ሁለት ጽሑፍ ከፍተው ይሞክሩ።

አዲስ ጽሑፍ መምጣቱን በድንገት ካቆመ መጀመሪያ ባትሪ ቆጣቢውን ይጠርጥሩ። ብዙ ስልኮች ከጀርባ የሚሠራን አፕ ያስተኛሉ፤ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የፊደርን የባትሪ ገደብ ያንሱ። አንድ ፊድ ብቻ ከሆነ ዝም ያለው፣ ሳይቱ አድራሻ ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል አጥፍተው እንደገና ይጨምሩት።

ሌላም አለ፦ ፊድ የቆየውን ሁሉ አይዝም። ዎርድፕረስ ካልተቀየረ በቀር የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ያሳያል። በቀን 30 ዜና የሚያወጣን ሳይት በቀን አንዴ ብቻ ካመሳሰሉ 20ው ያመልጥዎታል። እንዲህ ያለ ሳይት ካለዎት ማመሳሰያው በየሰዓቱ ይሁን፤ የሚከታተሏቸው ሁሉ በሳምንት አንዴ የሚጽፉ ከሆኑ ግን የቀን አንዴው ከበቂ በላይ ነው።

ሲጀምሩ ከ10 ሳይት አይለፉ። በተለይ የዜና ሳይት አያብዙ፤ ስለ ጣና እንቦጭ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚጽፍ ተመራማሪ ቢኖር ጽሑፉ በዜናው ጎርፍ ተውጦ ይቀራል። ዜናውን «ዜና» በሚል መለያ ለብቻው ይመድቡ፣ ኖቲፊኬሽን የሚከፍቱት ግን አልፎ አልፎ ለሚጽፉት ብቻ ይሁን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ያላነበቡለትን ፊድ ያለ ይሉኝታ ያጥፉት፤ ባለቤቱ አያውቅብዎትም።

የፊዶችዎ ዝርዝር ሲስተካከል ኦፒኤምኤል በሚባለው የፊድ ዝርዝር መያዣ ፋይል አውጥተው ለራስዎ በቴሌግራም ይላኩት። ስልክዎ ጣና ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ያንኑ ፋይል አዲሱ ስልክ ላይ ሲያስገቡት ሳይቶቹ በሙሉ ይመለሳሉ። ያነበቡትና ያላነበቡት ምልክት ግን አብሮ አይመጣም።