ራዲየስ ሰርቨሩ የማይገባውን ሲያስገባ፦ ችግርና መፍትሄ

ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ሕንፃ ላይ የአንዱ ቢሮ ዋይፋይ ከላይም ከታችም ፎቅ ይታያል፤ መንገድ ማዶ ያለው ካፌም ይደርሳል። ማን እንደሚገባ የሚወስነው ራዲየስ ሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ አላስገባም ሲል ስልካችሁ ይጮኻል፤ የማይገባውን ሲያስገባ ግን ማንም አይደውልላችሁም።

ምልክት፦ የተሳሳተ ፓስወርድም ያስገባል

ሆትስፖቱ ላይ የሌለ ስም ጽፋችሁ ሞክሩ። ሰርቨሩ ካስገባችሁ የፍሪራዲየስን (የራዲየስ ሰርቨሩን ፕሮግራም) የተጠቃሚዎች ፋይል ክፈቱ። መጀመሪያ የሚፈለገው ለሙከራ ገብቶ የተረሳ፣ ኦውዝ-ታይፕን (የማጣሪያ ዘዴውን) «አክሰፕት» ማለትም «ይግባ» የሚያደርግ፣ ለሁሉም የሚሠራ የ«ዲፎልት» መስመር ነው። አጥፉትና ሰርቨሩን እንደገና አስነሱት። ያው የሌለ ስም «ሪጀክት» (አይገባም) ካልተባለ ገና አልተስተካከለም።

ምልክት፦ ከምሳ በኋላ ማንም አይገባም፣ ሌሊት ግን ይገባል

ይቺ የእኛው አገር ጣጣ ናት። ሥራ ከ2 እስከ 12 ነው ብሎ ያሰበ ሰው ሎግኢን-ታይም (የመግቢያ ሰዓት ገደብ) ላይ ከ0200 እስከ 1200 ይሞላል። ሰርቨሩ ይህን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። ሠራተኛው ሲያማርር መስመሩን መሰረዝ ይቀላል፤ ቅሬታው ይቆማል፣ የሰዓት ገደቡም አብሮ ይጠፋል። ይህን «ተስተካከለ» ማለት ይከብደኛል። የሚጻፈው ከ0800 እስከ 1800 ነው። የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠናም እዩ፤ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከቀረ በ3 ሰዓት ይዛነፋል። የአካውንት ማብቂያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ደግሞ ሰርቨሩ ካለፈ 7 ወይም 8 ዓመት እንደሆነው ይቆጥረዋል።

ምልክት፦ የለቀቀ ሠራተኛ አሁንም ይጠቀማል

ራዲየስ የሚጠየቀው ሰው ሲገባ ነው፤ አካውንቱ ቢሰረዝም የተከፈተው ግንኙነት አይቆረጥም። ራውተሩ ላይ ራሳችሁ አስወጡት፣ ወይም በዩዲፒ ፖርት 3799 የማቋረጫ ጥያቄ ላኩ። ለወደፊቱ ሴሽን-ታይምአውት (ግንኙነቱ በራሱ የሚቋረጥበት ጊዜ) ይኑር። ፍሪራዲየሱ ከ3.0.14 የቆየ ከሆነ ግን አሳሳቢ ነው፦ ሲቪኢ-2017-9148 የተባለው ክፍተት ፒኢኤፒና ቲቲኤልኤስ በተባሉ የመግቢያ ዘዴዎች ላይ የቀድሞ ቲኤልኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ሴሽን በማስቀጠል ያለ ፓስወርድ ያሳልፋል። አዲሱን ስሪት ጫኑ፤ እስከዚያ የቲኤልኤስ ካሹን (የቀድሞ ሴሽኖች የሚቀመጡበትን) ዝጉ።

ምልክት የሌለው፦ ብላስት-ራዲየስ

ይህ የራዲየስ ክፍተት በጁላይ 2024 ይፋ ሆነ። በራውተሩና በሰርቨሩ መካከል የገባ አጥቂ የኤምዲ5ን (የመልእክት ማረጋገጫ ስሌት) ድክመት ተጠቅሞ፣ ራውተሩና ሰርቨሩ የሚተዋወቁበትን የሚስጥር ቃል ሳያውቅ «ሪጀክት»ን ወደ «አክሰፕት» ይለውጣል። ኢኤፒ (ፒኢኤፒና ቲቲኤልኤስ ያሉበት የመግቢያ ዘዴ) ብቻ የሚጠቀም ቢሮን አይነካም፤ በፓፕ (በተራ የፓስወርድ ዘዴ) የሚሠራ ሆትስፖትን ግን ይነካል። ፍሪራዲየስን ወደ 3.2.5 ወይም ከዚያ በላይ አሳድጉ፤ ለየራውተሩም ሜሴጅ-ኦተንቲኬተርን (መልእክቱ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጥ ፊርማ) ግዴታ አድርጉ። ግዴታ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ራውተሮቹን አድሱ፤ ይህን የማይልክ አሮጌ ዕቃ ወዲያው ይዘጋበታል።

እግረ መንገዳችሁን የሚስጥር ቃሉ «ቴስቲንግ123» እንደሆነ እዩ። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣ የሙከራ ቃል ነው፤ ከሆነ በሰርቨሩም በራውተሩም ቀይሩት።