ጥገናው የማን እንደሆነ ቤቱ ሳይያዝ ይለይ

ቤት ተከራይታችሁ ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት ቧንቧዎቹን በሙሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን እዩት። ከዞረ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው፤ የውሃ ሂሳቡ ደግሞ እናንተ ላይ ይመጣል። ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ሽንት ቤቱን ፎቶ አንሱና ለአከራያችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። ቀኑ እዚያው ይቀመጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ስለ ጥገና የተስማማችሁትን እዚያው አስገቡት።

በኋላ ነገር ሲበላሽ፣ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ዋጋውን ለአከራያችሁ ንገሯቸውና "ከኪራዩ ይቀነስ" የሚል መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ። ደግ ሰው እንኳ በቃል ያለውን ወር ሲደርስ ይረሳል። ደረሰኝም ያዙ።

የኤሌክትሪክ ብልሽት ከሆነ ግን መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ከዚያ ወዲያው ለአከራያችሁ ደውሉ። እሱ ለነገ አይባልም።