የጓዳ በር የምትከፍት ድመት፦ ችግሩና መፍትሄው

እኛ ቤት ድመት ጠፍቶ አያውቅም። አሁን እንኳን ሦስት አሉ። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው የድመቱን ጉድ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ውሃ አላት ወይ፣ ታማ ይሆን ወይ የሚለውን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ የተዘጋ የጓዳ በር ተከፍቶ ይገኛል፤ ቋንጣ ይጎድላል

ከሚመጣልኝ ጥያቄ ብዙው ይሄ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ልጆቹን ነው። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ከቀጣች በኋላ ነገሩ አልዋጥላት ብሎ መጣች። «የእኔ ልጅ፣ ቁልፍ የሚከፍት ሰይጣን ቤቴ ገብቷል» አለችኝ። ማታ መብራት አጥፍተን አብረን ጠበቅን።

ውሮ መጣች። ጆሮዋን ወደ ሳሎን አዙራ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ዘላ በሁለት እጇ እጀታው ላይ ተንጠለጠለች። እጀታው ወደ ታች ሲወርድ በኋላ እግሯ መቃኑን ገፋች። በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ወዲያው አልገባችም። ወርዳ ቁጭ አለችና እጇን ላሰች። ደግማ ካዳመጠች በኋላ ነው የገባችው። ጎረቤታችን በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቀረች። በማግስቱ ልጇን ይቅርታ ጠየቀችው።

ምክንያት፦ ድመት ሰው ሲከፍት አይታ ትሞክራለች። አንዴ ከተሳካላት አትረሳውም። ወደ ታች የሚጫን እጀታ ደግሞ ለእሷ የተሠራ ይመስላል። በተለይ ርካሹ! ሞላው ስድስት ወር ሳይሞላው ይላላል። የ3 ኪሎ ድመት ስትንጠለጠልበት ዝም ብሎ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝቶ ድመት መደብደብ ያናድደኛል።

ግን ዋናው ምክንያት እጀታው አይደለም። ስርቆቱ መቼ እንደሚብስ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጾም ሲገባ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው ድመቷ ሽሮ የነካው እንጀራ ይጣልላታል። ለቅበላ የተዘለዘለው ቋንጣ ደግሞ ከበሩ ወዲያ ይሸታታል። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ጾም አይጠበቅባትም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ሁኔታ አይሠራውም፤ ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት። ለረጅም ጊዜ ከጎደለባት ዓይኗ ይጎዳል፣ ልቧም ይደክማል። ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ራሱ ደሟን ይጎዳል። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ሲባል እሰማለሁ። በዚህ ጉዳይ አልስማማም። የራባት እንስሳ ናት።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሆዷን። እኔ በጾም ከጎርጎራ ከሚመጣው ዓሣ የቆሮሶ ጭንቅላትና ትርፍራፊ እገዛለሁ። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት እቀቅለዋለሁ። አጥንቱን በጣቴ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ይህን አትዝለሉ፤ ጉሮሮዋ ላይ ይሰካል። ጥሬውንም አትስጡ።

ቀጥሎ በሩን። የእጀታውን ብሎን ፍቱ፣ ሩብ ዙር አዙሩት፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም መልሳችሁ እሰሩት። ስትንጠለጠልበት አይዞርም። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ይህ ካልሆነ ከላይ በኩል መቀርቀሪያ ምቱ። ቋንጣውን መደርደሪያ አጠገብ አትስቀሉ። ድመት ከቆመችበት 1.5 ሜትር ትዘላለች፤ ከመደርደሪያው ተነስታ ደግሞ የትም ትደርሳለች።

አትምቷት። ከሰረቀች በኋላ ብትመቷት ዱላውን ከቋንጣው ጋር አታገናኘውም፤ ከእናንተ ጋር ነው የምታገናኘው። የሚያቆማት ሄዳ ባዶ እጇን መመለሷ ነው። አንድ ቀን በሩን ረስታችሁ ክፍት ከተዋችሁ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። በዚህ ላይ የሚዘናጋ ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ!

ምልክት፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ፊታችሁን በእጇ ትነካለች

ድመት ንቁ የምትሆነው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው። እኛ ቤት አያቴ በዚያ ሰዓት ለኪዳን ስትነሳ ቁራሽ ትጥልላት ነበር። ድመቷ ሰዓቱን ያዘች። አያቴ ታማ በተኛች ጊዜ እኔን መቀስቀስ ጀመረች። መጀመሪያ ጉንጬን በለስላሳው እጇ ትነካለች። ካልተነሳሁ ከኮሞዲኖው ላይ ብርጭቆውን ቀስ እያለች ወደ ጫፍ ትገፋለች። እየገፋችም ዓይን ዓይኔን ታያለች። ያን ጊዜ የሚነሳ ሰው ተሸንፏል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አሯሩጣችሁ አጫውቷት፣ ከዚያ አብሏት። ሌሊት በጭራሽ አትነሱላት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስባታል፤ ጽኑ። ብርጭቆውንም አንሱት።

ምልክት፦ ምጣድ ላይ ተኝታ ትገኛለች

የምንኖርባት ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌ ዝናብ እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ ከምጣዱ የተሻለ ሞቃት ቦታ ቤት ውስጥ የለም። ጋቢ ያነጠፋችሁበት ካርቶን ስጧት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመሰካታችሁ በፊት ግን ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ሁልጊዜ። የቆመ ባጃጅ ከማስነሳታችሁ በፊትም እንዲሁ።

ሌሎች

ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጤማ በልታ ብታስመልስ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም።

ወንዱ ለመሽናት እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ማደር የለበትም።

ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። ለሰው የተገዛ መድኃኒት ለድመት አይሰጥም።

እንዝርት ሲሾር አይታ የምትዘል ድመት ቤት ያላችሁ፣ ክሩን ሥራ ስትጨርሱ ሳጥን ውስጥ ክተቱት። ክር ውጣ ጫፉ ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ካያችሁ እንዳትጎትቱት። አንጀቷን ይቆርጠዋል። እንዳለ ይዛችኋት ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ።