ለበዓል ምሽት ኮክቴል በቤት ውስጥ፤ ከጥያቄና ከአስገራሚ ወሬ ጋር

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል በሚገኘው ሰፈራችን የበዓል እንግዳ ከቀትር በኋላ መምጣት ይጀምራል፤ ምሳ የበላው ተነሥቶ ሳይሄድ እራት የሚበላው ይደርሳል። ቢራ ከፍቶ ማቅረብ የደቂቃ ሥራ ነው። ኮክቴል ግን ለእያንዳንዱ ሰው መለካት፣ መምታትና ማጥለል ስለሚፈልግ ስምንት ብርጭቆ እስኪሞላ ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በዚያ መካከል አስተናጋጁ ወጥ ቤት ገብቶ ከቀረ ሳሎኑ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በቤቱ ኮክቴል ሊያዘጋጅ የተነሣ ሰው የመጠጡን ዓይነት ከመምረጡ በፊት የት ቆሞ እንደሚያዘጋጅ ይወስን። እናቶቻችን ረከቦቱን ሳሎን ውስጥ ሲዘረጉ ቡናው እስኪቆላና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ራሱ የጨዋታ ጊዜ ይሆናል። እኔም ይህንኑ በማሰብ ጠረጴዛዬን እንግዶቹ ፊት አደርጋለሁ፤ እጄ ሲሠራ ስለ በዓሉ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ ወይም ከሩቅ አገር የተሰማ አንድ አስገራሚ ወሬ አወራለሁ።

ኮክቴል የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ ከተብራራባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1806 በኒውዮርክ ግዛት ሃድሰን ከተማ ይታተም የነበረ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው የጠቀሳቸው ነገሮች አራት ነበሩ፦ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም። ከእነዚህ ውስጥ ጀማሪ የሚዘነጋው ውሃውን ነው። በረዶ መጠጡን ከማቀዝቀዙም በላይ ሲመታ እየቀለጠ ውሃ ይሰጠዋል፤ ያ ውሃ ባይገባበት ኮክቴሉ ጉሮሮ ይፍቃል። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚበጀው መነሻ ስሌት ሁለት እጅ ጠንካራ መጠጥ፣ አንድ እጅ ጎምዛዛና አንድ እጅ ጣፋጭ ነው። የአገራችን ሎሚ ትንሽ ቢሆንም ኃይለኛ ስለሆነ ጎምዛዛውን ከአንድ እጅ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይሻላል። አረቄ የሚቀርብበት መለኪያ ከቤት ቤት መጠኑ ስለሚለያይ በእሱ አይተማመኑ፤ ከሳል ሽሮፕ ጋር የሚመጣው፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ በደንብ ታጥቦ ከሁሉም የተሻለ መስፈሪያ ይሆናል።

በረዶው ከበዓሉ ሁለት ቀን አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራትም በሚቋረጥበት ሰፈር ለዕለቱ ብሎ መተው አያዛልቅም። ከዚህ የባሰው ግን የሽታ ጉዳይ ነው። በበዓል ሰሞን ማቀዝቀዣው ውስጥ ዶሮው፣ ቅቤውና ቁሌቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ክዳን የሌለው የበረዶ ዕቃም ያንን ሽታ ሁሉ ይስባል። አንድ ጊዜ ቀዝቃዛውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ ከሎሚው ቀድሞ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ ከዚያ ወዲህ በረዶዬን በክዳን ወይም በፌስታል ጠቅልዬ ካልሆነ አላስቀምጥም። ከትናንሾቹ ይልቅ በእርጎ ኩባያ የተሠራ ትልቅ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፤ ለመምታት ደግሞ ትናንሾቹ ይመረጣሉ።

ለጣፋጩ ከስኳር ይልቅ ማር እመርጣለሁ። ማር ግን እንዳለ ከበረዶ ጋር ከተገናኘ ይረጋና ዕቃው ሥር ይጣበቃል፤ ስለዚህ አንድ ኩባያ ማር በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ይበጥብጡና ሰፈፉ እንዲቀር በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥሉት። በማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ነጭ ማር መዓዛው ለስላሳ ስለሆነ የጂኑን ጠረን አይጫነውም፤ ቀይ ማር ኃይለኛ ስለሆነ ለኋላው ትኩስ መጠጥ ያስቀምጡት። አሁን 60 ሚሊ ሊትር ደረቅ ጂን፣ 20 ሚሊ ሊትር አዲስ የተጨመቀ ሎሚና 20 ሚሊ ሊትር የማር ብጥብጥ በረዶ በሞላበት ሼከር፣ ማለትም ክዳን ባለው የመጠጥ መምቻ ዕቃ፣ ውስጥ ይጨምሩ። ሼከር ከሌለ ክዳኑ የሚጠብቅ የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል። በሁለት እጅ ይዘው ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ በኃይል ይምቱት። ሲደርስ የሚታወቀው በእጅ ነው፤ ዕቃው ውጪው ጤዛ ይለብስና ጣት መያዝ ያስቸግራል። ከዚያ በሻይ ማጥለያ አጥልለው በቀዘቀዘ ብርጭቆ ይቅዱት። ይህ መጠጥ ቢዝ ኒዝ ይባላል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል በከለከለችበት ዘመን እንደተስፋፋ፣ ማሩና ሎሚውም የመናኛውን ጂን ጣዕም ይሸፍኑ እንደነበር ይነገርለታል።

እነዚያ አሥራ አምስት ሰከንዶች የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠየቅባቸው ናቸው። በእኔ ቤት ከማይደክሙት ጥያቄዎች አንዱ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው መቼ ነው የሚለው ነው። በየአራት ዓመቱ የሚል መልስ ከሁሉም አፍ ይወጣል፤ የትኛው ዓመት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ዝምታ ይሆናል። መልሱ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። በባሕረ ሐሳብ እንደሚሰላው ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ይሆናል። ፈጣን የሆነ እንግዳ 5500 ያለ ቀሪ ለ4 ስለሚካፈል ዓመቱን ብቻ ማካፈል እንደሚበቃ ይደርስበታል፤ ለእሱ የመጀመሪያው ብርጭቆ ይገባዋል። በዚህ ስሌት 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜኑ 6 ነው። ተከታዩ ጥያቄ ከዚሁ ይመዘዛል፦ ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 የምናውቀው ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለው መቼ ነው? ስድስት ቀን ካላት ጳጉሜን በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በ2016 እንዲሁ ሆኖ ነበር፣ በ2020ም ይሆናል።

ጋዝ ያለው ነገር በምንም ዓይነት ሼከር ውስጥ አይግባ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው፤ ጉደር ወይን፣ ሎሚና አምቦ ውሃ አንድ ላይ አድርጌ ስመታ ክዳኑ ተፈናጥሮ አጠገቤ የተቀመጡት አክስቴ ነጠላ ላይ ወይኑ ፈሰሰ፤ የጥለቱ ነጭ ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አልሆነም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ጋዙም ከፈሳሹ ለመውጣት የበለጠ ይቸኩላል። አምቦ ውሃም ሆነ ቶኒክ የሚጨመረው ሌላው ሁሉ ተመትቶ ከተቀዳ በኋላ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ ነው፤ ከዚያ በማንኪያ አንድ ጊዜ ብቻ ከሥር ወደ ላይ ማንሳት ይበቃል።

ለጠጅ ወዳጆች አንድ ብርሌ ጠጅ ትልቅ በረዶ ባለበት ረጅም ብርጭቆ ተቀድቶ፣ የብርሌው ግማሽ ያህል አምቦ ውሃና የሎሚ ልጣጭ ሲጨመርበት ጌሾው ምሬቱን ይሰጣል፣ ማሩ ጣፋጩን ይሰጣል፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። የቤት አረቄን ግን ለኮክቴል አልመክርም፤ ጥንካሬው ከአውጪ አውጪ ስለሚለያይ ልኩን መጠበቅ አይቻልም። አኒስ በተባለ መዓዛማ ዘር የሚጣፍጠው ኡዞ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨመር እንደ ወተት ነጭ መሆኑ ደግሞ እንግዳን የሚያስደስት ትርኢት ነው፤ የአኒስ ዘይቱ በአልኮል እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ነው።

ለማይጠጣው እንግዳ ለስላሳ ሰጥቶ ማለፍ ልክ አይመስለኝም። ባህላችን ራሱ ብርዝን አስቀምጦልናል። ብርዙን በጥቂት የተወቀጠ ዝንጅብልና ሎሚ መትተው፣ በሚያምረው ብርጭቆ አጥልለው፣ ላዩ ላይ አምቦ ውሃና አንድ ዘለላ ናና ያድርጉበት፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተዘጋጅቶ እኩል ይቅረብ። የጾሙንም ነገር አስቀድመው ይጠይቁ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ስለሚጾም፣ የ2019 እንቁጣጣሽም ዓርብ ስለሚውል፣ የእንቁላል ነጭ ወይም ክሬም የሚገባባቸውን መጠጦች ለዚያ ቀን አያስቡ። ገናና ጥምቀት ግን ረቡዕም ሆነ ዓርብ ቢውሉ አይጾሙም። የእንቁላልና የወተት ነገር ከተነሣ አንድ ወሬ አለኝ፦ እ.ኤ.አ. በ1826 በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ በአሜሪካው የዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ ካዴቶች እንቁላል፣ ወተትና ውስኪ የሚገባበትን ኤግኖግ ለመሥራት ውስኪ በድብቅ አስገቡ፤ ሌሊቱ በሁከትና በተሰባበረ መስኮት አለፈ፤ አንዳንዶቹም በጦር ፍርድ ቤት ቀረቡ። እኛ ዘንድ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ የእነሱ ጌቶች ግን ተቆጥተዋል።

በሁለተኛው ዙር የምነግራቸው ወሬ ከካናዳ ዩኮን ግዛት ከዳውሰን ከተማ የመጣ ነው። እዚያ የሚገኝ አንድ ሆቴል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የደረቀ እውነተኛ የሰው እግር ጣት የሚገባበት ኮክቴል ያቀርባል፤ ደንቡ የጠጪው ከንፈር ጣቱን እንዲነካ ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሰው ጣቱን ሰርቆ ከሄደ በኋላ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ መለሰው። ይህ ሲነገር እጁ ላይ ያለውን ብርጭቆ አንሥቶ ሥሩን የማያይ እንግዳ አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው ዙር፣ በተለይ በገና ምሽት የታኅሣሥ ብርድ ሲገባ፣ ትኩስ ይሁን። በአንድ ኩባያ ውሃ ሁለት እንጨት ቀረፋ፣ ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ጥቂት የተፈነከተ ኮረሪማ፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀይ ማር አሥር ደቂቃ ያፍሉ። እሳቱን ከቀነሱ በኋላ አንድ ጠርሙስ ጉደር ይጨምሩና እንፋሎት መታየት ሲጀምር ያውርዱት። አልኮል በባሕር ጠለል ላይ በ78 ዲግሪ፣ በእኛ ከተማ ከፍታ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ወይኑ ከተንፈቀፈቀ ጥሩ መዓዛው አብሮ ይተናል። የዚህ ድስት ወሬ የስዊድኗ ጌቭለ ከተማ የጭድ ፍየል ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለገና ከጭድ የተሠራ ግዙፍ ፍየል ታቆማለች፤ ሰዎችም ሕግ እየተላለፉ ብዙ ጊዜ አቃጥለውታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የበሉት ወፎች ናቸው፤ ጭዱ ውስጥ ፍሬ ቀርቶ ስለነበር ቁራ መሰል ወፎች መጥተው ለቀሙት።

በሕጋችን ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል ስለማይሸጥ ወጣት ዘመዶችዎን በብርዙ ያስተናግዱ፤ መኪና ይዞ የመጣውን ቁልፉን አስቀምጦ በታክሲ እንዲሄድ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ይንገሩት፣ በኋላ ሲነገር ስለማይሰማ። ከትኩሱ ወይን የተረፈ ካለ ቀረፋውንና ቅርንፉዱን በዚያው ሌሊት አጥልለው ያውጡ፤ ውስጡ ካደሩ በማግስቱ መጠጡ ይመራል።