ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ግን ጨለመ፦ የሆስፒታል የአደጋ ተጋላጭነት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሆስፒታሎች ስለ አደጋ ዝግጁነታቸው ሲጠየቁ በአብዛኛው የሚያቀርቡት የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ጄኔሬተር አለ፣ ሮቶ አለ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ፣ ዕቅዱም ጸድቋል ይባላል። ዝርዝሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አደጋ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የሚቋረጠው ዕቃውን ከታካሚው አልጋ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ፣ ቱቦ፣ ፓምፕ ወይም ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች የሚመረመሩት ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ምንጩ በመሄድ ነው።

ምልክት፦ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አይነሣም፣ ወይም ድምፁ እየተሰማ የቀዶ ሕክምናና የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች እንደጨለሙ ይቀራሉ።

መንስኤው እንደ ሁኔታው ይለያያል። ሞተሩ ጨርሶ ካልተነሣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው፤ ቻርጀሩ ከተበላሸ ወራት ያለፉት ሊሆን ይችላል፣ ማንም አላየውም። ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ከጠፋ ናፍጣው ውኃ ወይም ዝቃጭ ገብቶበታል፣ አለዚያም ማጣሪያው ተደፍኗል። እየሠራ ክፍሉ ኃይል ካላገኘ ግን ቼንጅ ኦቨሩን፣ ማለትም መስመሩን ከዋናው መብራት ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞረውን ማብሪያ መመልከት ይገባል፤ እሱም ደህና ከሆነ ክፍሉ ከመጀመሪያውም በጄኔሬተሩ መስመር ላይ አልነበረም ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ከዋናው ሕንፃ በኋላ በተጨመሩ ክፍሎች ላይ የተለመደ ነው፤ ተቋራጩ በቅርብ ካገኘው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳ መስመር ጠልፎ ይሄዳል፣ ንድፉም ሳይታረም ይቀራል። እኔ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ደግሞ ጄኔሬተሩም ናፍጣውም ደህና ነበሩ፤ የናፍጣ ማከማቻው ቁልፍ ግን ፈቃድ በወጣው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነበር።

ይህ የገንዘብ እጥረት ብቻ የሚያመጣው ችግር እንዳልሆነ የኒው ዮርኩ ቤልቪው ሆስፒታል ያሳያል። ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ከተማዋን ሲመታ የሆስፒታሉ ጄኔሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ፣ ከጎርፍ ርቀው ነበር፤ ነዳጅ ወደ ላይ የሚገፉት ፓምፖች ግን ምድር ቤት ስለነበሩ ውኃ ዋጣቸው። ሠራተኞችና የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በደረጃው ላይ ተደርድረው ነዳጁን እየተቀባበሉ 13 ፎቅ ድረስ ቢያወጡም፣ በመጨረሻ ታካሚዎቹን ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ማዛወር ግድ ሆኗል።

መፍትሄው በጭነት መሞከር ነው። ሞተሩን ያለ ጭነት ለአምስት ደቂቃ አስነሥቶ በመዝገብ ላይ «ይሠራል» ብሎ መፈረም ምንም አያረጋግጥም፤ እንዲያውም በቂ ጭነት ሳይኖረው ደጋግሞ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ያልተቃጠለ ነዳጅ በጭስ ማውጫው ውስጥ እየተጠራቀመ ይጎዳዋል። በወር አንድ ጊዜ፣ ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር በተስማሙበት ሰዓት ዋናው መስመር ተቋርጦ፣ ጄኔሬተሩ ቢያንስ የአቅሙን 30 በመቶ ተሸክሞ ለ30 ደቂቃ ይሥራ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው በየክፍሉ እየዞረ የትኛው ሶኬት ኃይል እንዳለው ምልክት ያድርግ፤ ሌላው በሰዓት የሚፈጀውን ናፍጣ ይለካ። በሰዓት 20 ሊትር የሚፈጅ ሞተር ባለ 400 ሊትር ታንከር ይዞ 20 ሰዓት ብቻ እንደሚቆይ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ሁለተኛው የማከማቻ ቁልፍ ከተረኛው ኃላፊ እጅ አይለይ።

ምልክት፦ የቧንቧ ውኃ በተቋረጠ በማግስቱ ሮቶው ባዶ ይሆናል።

መንስኤው ሮቶው ሲገዛ ፍጆታው አለመሰላቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ተኝቶ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለአንድ ቀዶ ሕክምና ደግሞ 100 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል ይላል። በዚህ ስሌት 100 አልጋ ያለው ሆስፒታል ለተኝቶ ታካሚዎቹ ብቻ በቀን እስከ 6,000 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ቀን እንኳ አይደፍንም። ሌላው የሚዘነጋው ነገር ፓምፑ ከጄኔሬተሩ ጋር አለመያያዙ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ውኃውም አብሮ ይጠፋል። ማጠራቀሚያ መጨመር፣ ፓምፑን በጄኔሬተሩ መስመር ላይ ማስገባትና የቦቴ ውኃ ውል አስቀድሞ መፈራረም ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የሞላ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ 10 ቶን ስለሚመዝን፣ መሐንዲስ ሳያየው ጣሪያ ላይ ማውጣት አንዱን አደጋ በሌላ መለወጥ ነው።

ምልክት፦ ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ሕንፃው ቆሟል፣ አገልግሎቱ ግን ቆሟል።

ሁለቱ «ቆሟል» የተለያዩ ናቸው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ኦሊቭ ቪው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1971 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድቶ እጅግ ጠንክሮ ተገነባ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ዳግም ሲናወጥ ምሰሶዎቹ ችለው ቆሙ፣ ነገር ግን የተሰበሩ ቱቦዎች ውኃ አጥለቅልቀውት ታካሚዎቹ ወጡ። ስምጥ ሸለቆ ለሚያልፍባት ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከታተለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የግንቡንና የምሰሶውን ጉዳይ ለመሐንዲስ መተው ይገባል፤ ሲሊንደሮችን ከላይና ከታች በሰንሰለት ማሰር፣ መደርደሪያን ከግድግዳ ጋር በብሎን መያዝ፣ ከባድ ዕቃን ወደ ታች ማውረድ ግን የጥገና ክፍሉ በአንድ ሳምንት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ምልክት፦ ግምገማው ጥሩ ውጤት ያሳያል፣ ልምምዱ ግን ይከሽፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሆስፒታል ደህንነት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2015 እትሙ 151 ነጥቦችን ይመረምራል፤ ከ0 እስከ 1 በሚሰጠው ውጤት ከ0.66 በላይ ያገኘ ተቋም በአደጋ ጊዜም ይሠራል ተብሎ ይገመታል። መለኪያው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም አማካይ ቁጥር ክፉውን ነጥብ ስለሚሸፍን ለኃላፊዎች በቅድሚያ መቅረብ ያለባቸው ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት ነጥቦች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ዕቅዱ ውስጥ የተጻፉት ስሞችም ከተዛወሩ ሰዎች ስም ወደ ሥራ መደብ ይቀየሩ። ልምምዱ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ባለበት በሥራ ሰዓት ሳይሆን በእሑድ ሌሊት ይደረግ፤ የኦክስጅኑ ዋና መዝጊያ የት እንዳለ የሚጠየቁትም በዚያ ሌሊት ተረኛ የሆኑት ነርስና የጥበቃ ሠራተኛ ይሁኑ።